ኮትህን የምትሰቅለው የት ነው?

ሥራ ያቆምኩት ዓይኔ ስላስገደደኝ ነው። ባለፈው የታክስ ወቅት ማብቂያ ላይ ስክሪኑ ላይ ያለው ስድስት ስምንት፣ ስምንቱ ደግሞ ስድስት እየመሰለኝ መጣ። ሐኪሙ መጀመሪያ መነጽር ቀየረልኝ። ደግሜ ስሄድ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልገኝና ከዚያም በኋላ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ እንደማይሆንልኝ ነገረኝ። በሰው ታክስ ላይ ስድስትን ስምንት ማድረግ ቀልድ አይደለም። አለቃዬን አነጋግሬ ጠረጴዛዬን አጸዳሁና ወጣሁ።

ቤት መዋል ስጀምር የማስበው ሁሉ ስለ ሥራ ሆነ። አትላንታ ያለችው ልጄ ማርታ ስለ ደንበኞቼ ሳወራላት በስልክ ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ "ማም፣ ራይት ኢት ዳውን" አለችኝ። እኔ የለመድኩት የሰውን ዓመት በየቅጹ ሣጥን ከፋፍሎ መሙላት ነው፤ የራሴን እንዲህ ዘርግቼ ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም እሞክረዋለሁ። የደንበኛ ጉዳይ አደራ ስለሆነ ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ደምሴ የምለው ሰው ግን ታሪኩን እንድጽፈው ራሱ ፈቅዶልኛል።

አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ የመንግሥት መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ከበቀለና ከማርታ ጋር ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ስንገባ፣ እኔም እንደ አብዛኛው ሰው ዌርሃውስ ጀመርኩ። ሥራዬ ካርቶን ማሸግ ነበር። ወገቤ አልቻለውም። አንድ ቅዳሜ ከኮሎምበስ ጎን ዋይትሆል በምትባል ትንሽ ከተማ ካለ ትልቅ መደብር አስቤዛ ስንገዛ፣ የታክስ አሠራር በነጻ እናስተምራለን የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ አየን። በቀለ አነበበውና፣ "አንቺ ከቁጥር ጋር ትስማሚያለሽ፤ ከካርቶኑ ይሻልሻል" አለኝ። ተማርኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ እዚያው መደብር ውስጥ ከጋሪዎቹ መደርደሪያ አጠገብ በተተከለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመርኩ።

አለቃዬ ራያን የሚባል ወጣት ነበር። ለሱ ጥሩ ሠራተኛ ማለት ፈጣን ሠራተኛ ነው። ደንበኛው የያዘው ቡና ሳይበርድ መነሳት አለበት ይል ነበር። ክፍያው ብዙም አልነበረም፤ ሥራውም ጸደይ ላይ ያልቃል። ሆኖም ራያንን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። እንግሊዝኛዬ እየተንገዳገደ፣ "አገሩ ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው" ሳይል ሰው ፊት አስቀምጦኛል። ስሳሳትም ደንበኛው ፊት አልተቆጣኝም፤ ወደ ጋሪዎቹ ወሰድ አድርጎ ነው የሚነግረኝ።

ችግሩ ራያን ጋ የሚሠራው የዘንድሮ ታክስ ብቻ መሆኑ ነው። የዘገየ፣ ሁለት ሦስት ስቴት የነካካ፣ ከከተማ ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥመው በትሕትና ይሸኘዋል። እንዲህ ከተሸኙት አንዷ ወይንሸት ናት። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ከከተማው የግብር ክፍል የመጣ ደብዳቤ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና፣ "እትዬ፣ ፌዴራል ከፈልኩ። ኦሃዮም ከፈልኩ። ከተማ የሚሉት ደግሞ ማን ነው?" አለችኝ።

ጥያቄዋ የሁላችንም ጥያቄ ነበር። እዚህ ኦሃዮ ከተሞቹ የራሳቸው የገቢ ግብር አላቸው። ዋይትሆል እያደርክ ኮሎምበስ ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ሁለቱም ከተሞች ይመለከቱሃል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ይህን የሚነግረው የለም፤ የሚያውቀው ደብዳቤው ሲደርሰው ነው። ወይንሸት ለብዙ ዓመት ለከተማው ታክሷን ሞልታ አልጻፈችም። ራያን፣ "ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት አሉ፤ የዘገየ ነገር እሳቸው ናቸው የሚሠሩት" አለና አድራሻውን ሰጣት። ወይንሸት እንግሊዝኛ ስለማትደፍር በዕረፍት ቀኔ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ።

ሎሬታን ያገኘኋት እንዲህ ነው።

ቢሮዋ ድሮ የጫማ ጥገና የነበረ አንድ ክፍል ነው፤ ክረምት ላይ የድሮው ማስቲሽ ይሸታል። ሎሬታ ረጅም፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ነጭ ሴትዮ ናት። አባቷ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ወርዶ እዚህ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ነው። "እኛም ፍራሽ መኪና ላይ አስረን ነው የመጣነው" ትል ነበር። የዚያን ቀን ወይንሸትን አስቀምጣ፣ እግሯ ሥር ያለውን ማሞቂያ በጫማዋ ገፍታ ወደ ወይንሸት አዞረችላት። ከዚያ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል ሳትናገር የት እንደምትሠራ፣ ስንት አረጋውያን እንደምትንከባከብ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ጠየቀቻት። እኔ አስተረጎምኩ። ወይንሸት ያለቀሰችው ስለ ገንዘቡ ሲነሳ ሳይሆን ያኔ ነው። ሎሬታ፣ እሷ አልቅሳ እስክትጨርስ እርሳሷን አላነሳችም።

ስንወጣ እኔን በሩ ላይ አስቆመችኝ።

"የነገርሽኝ እሷ ያለችውን ብቻ ነው" አለችኝ። "ብዙ አስተርጓሚ ይጨምራል፣ ወይ ይቀንሳል። ወቅቱ ሲያልቅ ራያን ያሰናብትሻል። ያኔ እዚህ ነይ።"

ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመኔ ትልቁ ክፍል እዚያች ክፍል ውስጥ አለፈ።

የዘገየ ታክስ የራሱ ሙያ አለው፤ ያን ሙያ ከሎሬታ ነው የተማርኩት። ሰው ለዓመታት ሳይጽፍ ቀርቶ ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ወይም በፌስታል ታጭቆ ነው የሚመጣው። ሎሬታ ፌስታሉን ቶሎ አትከፍትም። አስቀድማ፣ ስለዚያ ሰው ምን ተብሎ እንደተመዘገበ መዝገቡን ከመንግሥት ታስመጣለች። "እነሱ የሚያውቁትን ሳታውቂ አንድ መስመር እንዳትጽፊ" ትላለች። ከዚያ የትኛው ዓመት ተመላሽ ገንዘብ እንዳለው ታያለች፤ የተመላሽ ጊዜ ገደብ አለው፣ ካለፈ ይቀራልና እሱን ታስቀድማለች። የያንዳንዱ ዓመት ቅጽ የዚያው ዓመት መሆን አለበት። ሁሉም በየራሱ ፖስታ ይገባል። ሁለት ዓመት አንድ ፖስታ ውስጥ ከተከተተ አንዱን የሚያየው የለም ትላለች፤ ተከትቶ አይታለች። ፖስታዎቹን ይዛ ጉልበቷን እየጎተተች ራሷ ፖስታ ቤት ትሄዳለች። "ልሂድልሽ" ብላት አትሰጠኝም።

ቅጣቱን በተመለከተ ሕግ ነበራት። ሥራው ተሠርቶ ሳያልቅ ስለ ቅጣት አታወራም። ደንበኛው በየመሃሉ "ስንት ነው?" ሲላት፣ "ገና አላውቅም። ሳላውቅ አላስፈራራህም፤ ሳላውቅም አላጽናናህም" ትለዋለች። መጨረሻ ላይ ስክሪኑን ወደ ሰውየው አዙራ መስመር በመስመር ታሳየዋለች። ሁሉን ካስረዳችው በኋላ፣ "አሁን አንተ ደግሞ ለኔ ንገረኝ። ምንድን ነው የምታደርገው?" ትላለች። ሰውየው መልሶ እስኪነግራት አታሰናብተውም። እውነቱን ለመናገር ይህቺ ልማዷ እኔን ታሰለቸኝ ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ እያየ፣ አንድ ነገር ሁለቴ ማስባል ምን ይባላል እል ነበር። በራያን ፍጥነት ነው የሠለጠንኩት።

ሌላው የሎሬታ ነገር አጠያየቋ ነው። ሰው በዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ስቴት ከኖረ ወይም ከሠራ፣ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው ቤቱ የት ነበር በሚለው ላይ ነው። ሎሬታ "የመኖሪያ ስቴትህ" አትልም። "ሌሊት የት ነበር የምትተኛው?" ብላ ነው የምትጠይቀው። እኔ ይህን ለኛ ሰዎች ሳስተረጉም አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል። አንዲት እናት፣ "ይህን ባለቤቴ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም" ብላኛለች። ይሁን እንጂ በዚህ ጥያቄ የማይያዙ አሉ፤ የጭነት መኪና ነጂዎች። እነሱ የሚተኙት መኪናው ውስጥ ነው።

ወደ ደምሴ የሚወስደኝም ይኸው ነው።

ደምሴ የኛ ቸርች ሰው ነው። ያኔ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ ሰው ነበር። ሚኒሶታ ላለ ኩባንያ በኮንትራክተርነት ጭነት ይነዳል። መጀመሪያ እዚያው ሚኒሶታ ይኖር ነበር፤ በኋላ ወንድሙ ያለበት ይሻለኛል ብሎ ዋይትሆል አፓርትመንት ተከራየ። ባለቤቱ ትዕግሥትና ልጁ ሶስና አዳማ ናቸው። እነሱን ለማምጣት ያመለከተው ግሪን ካርዱን እንዳገኘ ነው። እሑድ እሑድ ቸርች ከመጣ ከኋላ ይቀመጣል፤ ስንወጣ የሶስናን ፎቶ ከስልኩ ያሳየናል።

በዚያ ዘመን ከታክስ መሥሪያ ቤት ነን እያሉ ሰው በስልክ የሚያስፈራሩ ሌቦች በዝተው ነበር። ከኛ ሰዎች መካከል ያለውን አራግፎ የሰጣቸውም አለ። ፓስተራችን አገልግሎቱ ሲያልቅ ለሕዝቡ አንድ ነገር እንድናገር ጠየቀኝ። ማይክ ይዤ ቆምኩ። ሕዝቡ ምሳ ናፍቆታል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። እኔም በፍጥነት፣ "ከታክስ መሥሪያ ቤት ነን የሚላችሁ ሁሉ ሌባ ነው። መልስ አትስጡት፣ ዝም በሉት" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመትም አለፈ፣ ሌላም ተጀመረ። አንድ ጠዋት ደምሴ ፍራንክሊንተን ቢሮ መጣ። ሎሬታ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። እሱ ኮፍያውን አውልቆ ከኔ ፊት ተቀመጠ።

"እትዬ ስንዱ፣ ኩባንያው ክፍያዬን ያዘብኝ። መንግሥት ነው ያዘዘን አሉኝ።"

"ታክስ ፋይል አድርገሃል?"

"ሚኒሶታ ከለቀቅኩ ወዲህ አላደረግኩም። ስንት ስቴት ነው የማቋርጠው፤ ለየትኛው እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። ኮንትራክተር ኩባንያው ካልጠየቀው አይጽፍም ያለኝም አለ።"

"ታዲያ ደብዳቤ ሳይልኩልህ አይቀርም።"

"ልከዋል። ብዙ ነው የላኩት።"

"የታሉ?"

"ጣልኳቸው።"

"ሳታነባቸው? ለምን?"

ቀና ብሎ አየኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ያልገባኝ መስሎት ነው። "እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሉት? ቸርች ላይ። ከታክስ መሥሪያ ቤት ነን የሚል ሁሉ ሌባ ነው፣ ዝም በሉት አሉ። እኔም ዝም አልኳቸው።"

እኔ ያልኩት ስለ ስልክ ነው። ነገር ግን ስልክ የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼዋለሁ? ሳስበው ሳስበው አላወጣሁትም። ሎሬታ ፊቴን አይታ፣ "ምን አለ?" አለችኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩላት። እርሳሷን አስቀመጠች።

"የዚያን ቀን መልሰው እንዲነግሩሽ ጠየቅሻቸው?"

"አልጠየቅኩም።"

"እሺ" አለች። ተነስታ ወንበሯን እየጎተተች ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች፤ ማሞቂያውንም በእግሯ ወደ ደምሴ ገፋችው።

ከዚያ ነው የባሰውን የነገረን። የትዕግሥትና የሶስና ወረቀት ደርሷል። ለቪዛቸው ስፖንሰር ለመሆን ያስገባውን ታክስ አሳይ ተብሏል። የሚያሳየው የለውም። ሶስና አንደኛ ክፍል እዚህ ትጀምራለች ብሎ የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝቶላት ነበር፤ ሮዝ ቦርሳ፣ ከመኪናው መቀመጫ ኋላ ሰቅሎት ነው የሚዞረው።

መዝገቡን ስናስመጣ መንግሥት በደምሴ ፈንታ ታክሱን ራሱ ሠርቶታል። ሰው ደብዳቤ ሳይመልስ ሲቀር እንዲህ ያደርጋሉ። እነሱ የሚያውቁት ደግሞ ኩባንያው የከፈለውን ብቻ ነው። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የመኪናውን ኪራይ አያውቁም። ስለዚህ ሁሉንም ኪሱ የገባ ትርፍ አድርገው አስበውታል። በዚያ ላይ ሚኒሶታ፣ መንጃ ፈቃዱ እዚያ ስለነበር፣ ደምሴ አሁንም ነዋሪዬ ነው ብላ የራሷን ጠይቃለች። ኦሃዮም ትጠብቃለች።

ሎሬታ ጥያቄዋን ጀመረች። "ሌሊት የት ነው የምትተኛው?"

"መኪናዬ ውስጥ።"

"ሁልጊዜ?"

"አብዛኛውን ጊዜ።"

ትንሽ አሰበች። "ኮትህንስ የምትሰቅለው የት ነው? ከባዱን፣ የክረምቱን።"

ደምሴ ፈገግ አለ፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። "ዋይትሆል። ከበሩ ጀርባ።"

"ጥርስህን ሲያምህ የት ትሄዳለህ?"

"እዚያው ዋይትሆል። ከፎቁ ማዶ ያለ ሐኪም ጋ።"

"በቃ፣ ቤትህን አገኘነው" አለች። ነጂ ስንት ስቴት ቢያቋርጥ የሚጽፈው ለቤቱ ስቴት ነው። ለሚኒሶታ ቤቱ ዋይትሆል መሆኑን ማሳየት ነበረብን። የአፓርትመንቱን ውል፣ የመብራቱን ቢል፣ ከጥርስ ሐኪሙ የቀጠሮ ወረቀት፣ ከፓስተራችን ደብዳቤ ሰበሰብን። የነዳጅ ደረሰኞቹን ለመሰብሰብ እኔና ደምሴ መኪናው ውስጥ ገባን። ከመቀመጫ ሥር፣ ከጸሐይ መከላከያው ኋላ፣ ከጫማ ሣጥን ውስጥ አወጣን። ቀለሙ የለቀቀውን ደረሰኝ ሎሬታ መስኮት ላይ አስደግፋ በማጉያ መነጽር ታነባለች። ያን ጸደይ ሌላ ደንበኛ ሁሉ ከደምሴ ኋላ ነበር። እያንዳንዱን ዓመት ሠርተን በየፖስታው አደረግንና ሎሬታ ይዛቸው ወጣች። ያን ቀን "አብረሽኝ ነይ" አለችኝ። መንገድ ላይ ስለ ሥራ አላወራችም፤ ስለ አባቷ አትክልት ነው ያወራችኝ።

ደምሴ የኔ ንግግር ያመጣበትን ራሱ ስለነገረኝ የምደብቀው አልነበረኝም። ይሁን እንጂ ሌላም ሰው ደብዳቤ እየጣለ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ፓስተሩን ድጋሚ ማይክ ለመንኩት። በዚህኛው እሑድ በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ፖስታ ይዤ ቆምኩ። ስልኩን አሳየሁ፤ "ይህ ሲጠራና ክፈሉ ሲላችሁ ዝጉት።" ፖስታውን አሳየሁ፤ "ይህ ሲመጣ ክፈቱት። ካልገባችሁ ሳትጥሉት ወደኔ አምጡት።" ከዚያ ከፊት የተቀመጡትን ጋሼ ወርቁን፣ "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ መልሰው ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ጋሼ ወርቁ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስልኩን ከፍቼ፣ ፖስታውን እዘጋለሁ" አሉ።

ቸርቹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሳልጠይቃቸው ብቀመጥ ኖሮ እንዲሁ ይዘውት ሊሄዱ ነበር። እስኪገባቸው ሦስቴ አስባልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ያልተከፈተ ፖስታ ይዘው ቢሮ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የሎሬታ ልማድ ከዚያ ወዲህ ሰልችቶኝ አያውቅም።

የደምሴ ጉዳይ በዝግታ ተፈታ። መንግሥት የሠራነውን ተቀበለ፤ ዕዳው ከነቅጣቱ በየወሩ ሊከፍለው የሚችለው ሆነ፤ ክፍያውም ተለቀቀለት። ሚኒሶታም መዝገቡን ዘጋች። ቪዛው ግን እስከዚያ አልጠበቀውም። ፋይላቸው ተመልሶ ወረፋ ገባ። ቀጠሮ ሲሰጥ ይተላለፋል፣ ወረቀት ጊዜው ያልፍበትና እንደገና ይጠየቃል። ሶስና አንደኛ ክፍልን አዳማ ጨረሰች፤ ሁለተኛንም ጨረሰች። ደምሴ ቦርሳውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠው።

በመጨረሻ መጡ። በቀለና እኔ ኤርፖርት አብረነው ሄድን። ትዕግሥት አቅፋው ስታለቅስ፣ ሶስና የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላ ቆማለች። እናቷ ዕንባዋን እየጠረገች፣ "አባትሽ ነው። ሂጂ ሳሚው" አለቻት። ልጅቷ ራመድ አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ነዎት?" አለችው።

ደምሴ በርከክ ብሎ እጇን ያዘ። "ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?" አላት። ሊያቅፋት አልሞከረም። ሻንጣውን እየጎተተ ከጎኗ፣ እንዳይነካት ትንሽ ራቅ ብሎ ሄደ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። በሥራዬ ብዙ ቁጥር ተሳስቼ አርሜያለሁ። ያቺን "ነዎት" ግን ማረሚያ ቅጽ የለኝም።

ፓርኪንግ ውስጥ ሻንጣ ስንጭን፣ "እትዬ ስንዱ፣ እርስዎ ባይኖሩ ዛሬም አይመጡም ነበር" አለኝ።

"እኔ ባልኖር ድሮ መጥተው ነበር" አልኩት።

የመኪናውን ኋላ ዘጋና፣ "ደብዳቤውንስ የጣልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ጥፋቱን ብቻዎን አይውሰዱት፤ ለሁለታችንም ይበቃል" አለኝ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ። መኪና እየነዳ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። "እትዬ፣ ሶስና ዛሬ ጠዋት 'አንተ፣ ቁርሴን አላደረስክም' አለችኝ" አለ። ከዚያ፣ "በቃ ይህን ልንገርዎ ብዬ ነው" ብሎ ዘጋ። ዕድሜ ዘመኔን ከተቀበልኳቸው ስጦታዎች አንዱ ያ ስልክ ነው።

ሎሬታ ጉልበቷ ሲከፋ ቢሮውን ዘጋች። ፍራንክሊንተንም ተለዋውጧል፤ የጫማ ጥገናው ቤት አሁን ሥዕል የሚሸጥበት ሆኗል። እኔን ግን ሜዳ ላይ አልጣለችኝም። ከኮሎምበስ ዳር ሂሊያርድ በምትባል ከተማ ቢሮ ላለው ናታን ለሚባል አካውንታንት ደወለችለት፤ እሱም ቀጠረኝ። ስለኔ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ ሁለቱም አልነገሩኝም። ናታን ወላጆቹ የኛው ናቸው፤ እዚህ ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። "እትዬ" ሲለኝ ብቻ አማርኛው ጥርት ይላል።

እዚያ ሥራው ሌላ ነው። ሰው ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ፊቱን ሳታዪ ታክሱን ትጨርሻለሽ። መጀመሪያ ከበደኝ። ናታን ግን ታገሠኝ፤ ስክሪኑን ፊደሉ እንዲተልቅልኝ ያስተካከለልኝ፣ ዓይኔ መድከሙን ከኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው። የዘገዩትን ደንበኞችም በስልክ ፎቶ ብቻ እንዳይስተናገዱ፣ ቢሮ እየመጡ ከኔ ፊት እንዲቀመጡ ፈቀደልኝ። የሚከብዳቸው ታክሱ አይደለም፣ መምጣቱ ነው ስለው ሰማኝ። ሂሊያርድ የምትኖር አንዲት ነርስ ኬንታኪና ኢንዲያና በኮንትራት ሠርታ፣ ሁለቱም ስቴቶች ከደመወዟ ቆርጠውባት መጥታ ነበር። ኦሃዮ ከነዚያ ስቴቶች ጋር ስምምነት ስላላት የደመወዟን ታክስ የምትከፍለው ለኦሃዮ ብቻ እንደሆነ፣ የተቆረጠውን እንደሚመልሱላት ስነግራት፣ "በዚህ አገር የሚመለስ ነገር አለ እንዴ?" አለችኝ። ያን ሳምንት ለቢሮው ሁሉ ኬክ አመጣች።

ሎሬታ አሁን ዌስት ቨርጂኒያ እህቷ ጋ ናት። ሥራ ማቆሜን ስደውልላት ነገርኳት። "ጥሩ አደረግሽ" አለችኝ፤ ቀጥላ የቲማቲም ችግኟን ውርጭ እንደመታው አወራችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን፣ "ስንዱ፣ ያን ቀን ከወይንሸት ጋር መምጣትሽ ለኔ ጥሩ ቀን ነበር" አለች። ሎሬታ ከዚህ በላይ የምትናገር ሰው አይደለችም።

የመጨረሻውን ነገር ልንገራችሁ። ማርታ ስትወልድ ልረዳት አትላንታ ሄጄ ወራት ተቀምጫለሁ፤ እዚያ ሆኜም ለናታን በኮምፒውተር እሠራ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዓመት ታክሴ ኦሃዮም ጆርጂያም አለበት። ከዚያ የዓይን ኦፕራሲዮኑ መጣ፤ ማራዘሚያ ጠይቄ ነበር፣ እሱም አለፈብኝ። ዕድሜ ልኬን የራሴን ራሴ የሠራሁ ሴት፣ ሁለት ስቴት ያለው፣ ጊዜው ያለፈበት ታክስ ይዤ ቀረሁ። ቅጹን ማንበብ አልቻልኩም። በቀለ ነድቶ ሂሊያርድ አደረሰኝ።

ናታን ዕረፍት ላይ ነበር። የተቀበለችኝ ሆዳን የምትባል፣ በቅርብ የተቀጠረች የሶማሌ ልጅ ናት። አታውቀኝም፤ እኔም ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ስሜን አስመዝግቤ ወረፋዬን ጠበቅኩ። ስትጠራኝ ተነስቼ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከደንበኛው ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ። የምትጠይቀኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። ቢሆንም ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ።

እየጻፈች ቆየችና እጇን አቆመች። ስክሪኑን ወደ እኔ አላዞረችውም፤ ብታዞረውም አላየውም።

"ምነው? ችግር አለ?" አልኳት።

"የለም፣ ሚስ ስንዱ። ኮምፒውተሩ ነው የዘገየው" አለችኝና ፈገግ አለች። ቀጥላም፣ "ስለመጡ ደስ ብሎኛል። ቀላል ነው፤ አብረን እንጨርሰዋለን" አለችኝ።

ቀላል መሆኑን ከሷ በፊት አውቅ ነበር። ግን "አብረን" ስትለኝ ትከሻዬ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ወጥሬው እንደነበር አላወቅኩም። ስትጨርስ በእንግሊዝኛ ላመሰግናት አስቤ የወጣው አማርኛ ሆነ። "ተባረኪ" አልኳት። ቃሉን አታውቀውም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

በቀለ መኪና ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። "አለቀ?" አለኝ።

"አለቀ" አልኩት፤ ድምፄ ግን ተቆራረጠ።

"ምን ሆንሽ? ብዙ ክፈይ አሉሽ?"

"አይደለም" አልኩት። ስንቱ ሰው ከጠረጴዛዬ እየተነሳ "ተባረኪ" ሲለኝ፣ የኛ ሰው ልማድ ነው እያልኩ ወደሚቀጥለው ደንበኛ እዞር ነበር። ለካ ሁሉም እንዲህ ሆነው ነው የሄዱት።